የገበያ ትብብር በጅማ ላሉ አነስተኛ ንግዶች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በጅማ ከተማ ፎቶ ቤት፣ ስፌት ቤት፣ የእንጨት ሥራ ቤት፣ ፔንሲዮን ወይም ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ከሌላ ነጋዴ ጋር ደንበኛ ስለ መለዋወጥና የማስታወቂያ ወጪ ስለ መጋራት የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ሕግ የሚነኩት መልሶች ለመነሻ ያህል የተጻፉ ስለሆኑ፣ ገንዘቡ ከፍ ያለ ወይም ስምምነቱ የተወሳሰበ ሲሆን የሕግ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

የገበያ ትብብር ማድረግ ሽርክና መግባት ነው?

አይደለም። የገበያ ትብብር ማለት ነጋዴዎች ሱቃቸውን፣ ንግድ ፈቃዳቸውንና ሒሳባቸውን ለየብቻ እንደያዙ ደንበኛ ለማምጣት ብቻ የሚያደርጉት ስምምነት ነው። አንዱ ለሌላው ደንበኛ ይልካል፣ በአንድ ባነር ላይ ሁለቱም ይተዋወቃሉ፣ ወይም የሁለቱን ዕቃ በአንድ ጥቅል አድርገው ይሸጣሉ። ካፒታል አይዋጣም፤ ትርፍና ኪሳራም አይከፋፈልም።

ሽርክና ግን ሌላ ነገር ነው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 1243/2013) የንግድ ማኅበራትን ዓይነት ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከእነዚህም አንዱ በሆነው የኅብረት ሽርክና ማኅበር ሸሪኮቹ ለማኅበሩ ዕዳ በግል ሀብታቸው ጭምር በአንድነትና በነጠላ ተጠያቂ ናቸው፤ ማለትም ዕዳው በሙሉ ከአንዳቸው ብቻም ሊጠየቅ ይችላል። የማይመዘገብና የሕግ ሰውነት የሌለው የእሽሙር ማኅበር የሚባል ዓይነትም አለ። ይህን እዚህ ማንሳት ያስፈለገው ብዙዎች ሳያውቁት ወደዚያ ስለሚጠጉ ነው። ሁለት ነጋዴዎች በጋራ ስም ሲሠሩ፣ ገቢውን በአንድ የባንክ ደብተር ሲያጠራቅሙና በወሩ መጨረሻ የተረፈውን ሲካፈሉ፣ እነሱ «ትብብር» ቢሉትም አበዳሪ ወይም የተጎዳ ደንበኛ ሽርክና ነው ብሎ ሊከራከር ይችላል። ትብብሩን ትብብር አድርጎ ለማቆየት ቀላሉ መንገድ የጋራ ኪስ አለመክፈት ነው፤ እያንዳንዱ የራሱን ዕቃ ይሸጥ፣ የራሱን ገንዘብ ይቀበል፣ የራሱን ደረሰኝ ይቁረጥ።

ከማን ጋር ብተባበር ያዋጣኛል?

ደንበኛው አንድ፣ ዕቃው ግን የተለያየ ከሆነ ነጋዴ ጋር ነው። ብዙ ሰው የሚጀምረው ግን ከጓደኛው ወይም ከጎን ሱቅ ነው፤ የጎን ሱቅ ደንበኛ የእርስዎ ደንበኛ ላይሆን እንደሚችል አስቀድመው ያስቡበት።

ሰርግን እንውሰድ። ሰርግ የሚደግስ ቤተሰብ መጥሪያ ካርድ ያሳትማል፣ ቬሎና ሱፍ ይከራያል፣ ድንኳንና ወንበር ያስመጣል፣ ዲኮር ያሠራል፣ ፎቶና ቪዲዮ ይዋዋላል፣ ኬክ ያዛል። እነዚህ ሁሉ አንድ ደንበኛን በተለያየ ቀን የሚያገኙ ንግዶች ናቸው። ከእነርሱ መካከል የሰርጉን ቀን ቀድሞ የሚያውቀው ብዙ ጊዜ ካርድ የሚያትመው ቤት ነው፤ ቀኑ፣ አዳራሹና የተጠሪው ብዛት በካርዱ ትእዛዝ ላይ ተጽፎ እጁ ይገባል። ስለዚህ ዲኮር ሠሪው ከኬክ ቤቱ ጋር ከሚዋዋል ይልቅ ከማተሚያ ቤቱ ጋር ቢዋዋል ደንበኛውን ከሌላ ዲኮር ሠሪ ጋር ሳይዋዋል በፊት ያገኘዋል። ኬክ ቤት ዘንድ የሚመጣ ቤተሰብ ዲኮሩን ከጨረሰ ሰንብቷል። ሸሪክ (ከዚህ በኋላ የገበያ ተባባሪዎን ማለታችን ነው) ሲመርጡ እንግዲህ «ደንበኛዬ እኔ ዘንድ ከመድረሱ በፊት የት ይገባል?» ብለው ይጠይቁ፤ የሚገባበት ቤት ለእርስዎ ዋጋ ያለው ሸሪክ ነው።

በጅማ ሌላው ጥሩ አጋጣሚ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ምረቃ ነው። ከሌላ ከተማ የሚመጣው የተመራቂ ቤተሰብ በመጀመሪያ የሚያርፈው ፔንሲዮን ነው፤ ከዚያ ፎቶ ይነሳል፣ ምሳ ይበላል፣ ሲመለስም ቡና፣ ማር፣ አንዳንዱም የጅማ በርጩማ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። የፔንሲዮኑ እንግዳ መቀበያ ጠረጴዛ ላይ የተቆላ ቡና በናሙና የሚያስቀምጥ ቡና ሻጭ፣ ወይም በርጩማውን ለአውቶቡስ ጉዞ በካርቶንና በገመድ አሽጎ ፔንሲዮኑ ድረስ የሚያደርስ እንጨት ሠሪ፣ ምንም ባነር ሳይሰቅል ገበያ ያገኛል። ጅሬን የሚገኘውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ለማየት የሚመጣ ጎብኚም ተመሳሳይ ነው፤ እዚያ የሚያደርሰው ባጃጅ ወይም ታክሲ «ከዚህ የሚወሰድ ምን አለ?» ተብሎ መጠየቁ አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለ። ደንበኛ ሲልኩ የሚልኩት ከነስምዎ ነው። በርጩማው ሳምንት ሳይቆይ እግሩ ቢላቀቅ የሚወቀሰው እንጨት ሠሪው ብቻ ሳይሆን «እዚያ ግዙ» ያለው የፔንሲዮን ባለቤትም ነው። ዋጋው ቢረክስም ቀጠሮ የማያከብር ወይም ያልደረቀ እንጨት የሚሠራ ሰው ዘመድም ቢሆን ሸሪክ አይሁን።

ከተፎካካሪዬ ጋርስ መተባበር ይቻላል?

ይቻላል፤ ነገር ግን ወሰኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ሦስት በርጩማ ሠሪዎች በባዛር አንድ ቦታ በጋራ ቢከራዩ፣ አንዱ ብቻውን የማይጨርሰውን የሆቴል ትእዛዝ ተከፋፍለው ቢሠሩ፣ ወይም ዕቃ ወደ አዲስ አበባ የሚጭን መኪና ኪራይ ቢጋሩ ሁሉም ይጠቀማሉ። በተለይ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ ግማሽ ጭነት ይዞ መሄድ ትርፉን ስለሚበላው የጭነት ትብብር ከማስታወቂያ ትብብር የበለጠ የሚክስበት ጊዜ አለ።

የማይቻለው በዋጋ መስማማት ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 በአንድ ገበያ የሚወዳደሩ ነጋዴዎች የመሸጫ ዋጋ ለመወሰን፣ ገበያን ወይም ደንበኛን ለመከፋፈል፣ ወይም በጨረታ ተመሳጥረው ለመግባት የሚያደርጉትን ስምምነት ይከለክላል። «ከዚህ በታች ማናችንም አንሸጥም» ወይም «ሂርማታ ሰፈር ያንተ፣ ኮቺ ሰፈር የእኔ» የሚል ቃል በቡና ላይ የተባለ ጨዋታ ቢመስልም የተከለከለ ስምምነት ነው።

ሐሳቡን ለሌላው ነጋዴ እንዴት ላቅርብለት?

በመጀመሪያ ደንበኛ ሆነው ይግቡ። አንድ ዕቃ ሲገዙ የሚያዩት፣ ማለትም ሠራተኛው እንዴት እንደሚያስተናግድ፣ ዋጋው እንደ ገዢው መልክ ይቀያየር እንደሆነ፣ ደረሰኝ ይሰጥ እንደሆነ፣ በስብሰባ ከሚነገርዎት ይልቅ እውነቱን ያሳያል። ከዚያ በኋላ ሥራ በማይበዛበት ሰዓት ይሂዱ። ሐሙስ፣ የጅማ ትልቁ ገበያ ቀን፣ ለዚህ ጉዳይ አይሆንም፤ ያን ቀን ባለ ሱቁ ጆሮው ለእርስዎ ሳይሆን ለመደርደሪያው ነው።

«አብረን እንሥራ» የሚለው ጥያቄ በጥቅሉ ሲቀርብ መልሱ ብዙ ጊዜ «ጥሩ ሐሳብ ነው፣ እናስብበት» ነው፤ እዚያው ላይም ይቀራል። አንድ የተወሰነ ነገር ይዞ መሄድ ይሻላል፤ ለምሳሌ፦ «ከሰኔ ምረቃ በፊት ባለው አንድ ወር እርስዎ ዘንድ ሱፍ ላሰፋ ተመራቂ እኔ አንድ ትልቅ ፎቶ በነፃ አጥባለሁ፤ እርስዎ ደግሞ ካርዴን ከሱፉ ኪስ ያስቀምጡልኝ።» እዚህ ውስጥ ጊዜው፣ ሰጪው፣ ተቀባዩና የሚሰጠው ነገር ተለይቷል። መጀመሪያ የሚሰጡት እርስዎ መሆንዎም መልካም ነው፤ ለአንድ ሁለት ሳምንት ምንም ሳይጠይቁ ደንበኛ የላኩለት ሰው ሐሳብዎን በሌላ ጆሮ ይሰማዋል።

ቅናሽ ልስጥ ወይስ ኮሚሽን ልክፈል?

ሁለቱንም አንድ ላይ ከመስጠትዎ በፊት ወረቀት ላይ ያስሉት። እንበልና የፎቶ ጥቅልዎ 4,000 ብር ይሸጣል፤ ለኅትመት፣ ለሠራተኛና ለትራንስፖርት የሚያወጡት ደግሞ 2,800 ብር ነው። ትርፍዎ 1,200 ብር ነው። ከሸሪክዎ ለሚመጣ ደንበኛ 10 በመቶ ቅናሽ ሲያደርጉ ዋጋው ወደ 3,600 ይወርዳል፣ ትርፉም 800 ይሆናል። በዚህ ላይ ለላከልዎት ሰው ከ3,600 ላይ 5 በመቶ ኮሚሽን ሲከፍሉ 180 ብር ይወጣል፤ በእጅዎ የሚቀረው 620 ብር ነው። ስሙ «አሥር በመቶና አምስት በመቶ» ቢሆንም ከትርፍዎ ግማሽ የሚጠጋው ሄዷል፤ ቀድሞ ከ10 ደንበኞች ያገኙት የነበረውን 12,000 ብር ለማግኘት አሁን 20 ደንበኞች ያስፈልጉዎታል ማለት ነው። የሚመጡት ደንበኞች በእርግጥ አዲስ ከሆኑና እጅዎ ሥራ ፈትቶ ከነበረ ይህም ቢሆን ያዋጣ ይሆናል። ድሮም ይመጡልዎ የነበሩት ሰዎች ሸሪክዎ የሰጣቸውን የቅናሽ ካርድ ይዘው የሚመጡ ከሆነ ግን የራስዎን ደንበኛ በራስዎ ገንዘብ እየገዙ ነው።

በእኔ እይታ ለአነስተኛ ንግድ ከገንዘብ ኮሚሽን ይልቅ በዓይነት መለዋወጥ ይሻላል። የፎቶ ህትመት፣ የመደርደሪያ ቦታ፣ የማድረስ አገልግሎት ሲለዋወጡ ለደንበኛው የሚሰጠው ነገር ይጨምራል፤ ኮሚሽን ግን ደንበኛው ሳያየው ከኪስ ወደ ኪስ የሚዞር ገንዘብ ነው፣ ሲዘገይም ቂም ያመጣል። ኮሚሽን ከተከፈለም ለተቀባዩ ገቢው ስለሆነ እንደ ማንኛውም ገቢ በሒሳብ መያዝና ግብር ሊከፈልበት ይገባል።

እንተማመናለን፤ በጽሑፍ መዋዋል ምን ያደርጋል?

በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ሕጉ ወይም ተዋዋዮቹ የተለየ ፎርም ካልጠየቁ በቀር ውል በቃልም ይጸናል፤ ስለዚህ የቃል ስምምነትዎ ከንቱ አይደለም። ችግሩ ከሦስት ወር በኋላ ሁለታችሁም የምታስታውሱት ቃል የተለያየ መሆኑ ነው። በዕቁብ ውስጥ ያለ ሰው ይህን ያውቃል፤ ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ የሚያደርገው፣ የሚተማመን ሰው ስለጠፋ አይደለም። ውሉን በጽሑፍ ሲያደርጉ ተዋዋዮቹ እንዲፈርሙና ሁለት ምስክሮችም እንዲፈርሙ ያድርጉ፤ በጽሑፍ መሆን ለሚገባው ውል ሕጉ ይህንኑ ይጠይቃል።

አንድ ገጽ ይበቃል። የጊዜው ርዝመት፣ ማን ምን እንደሚሰጥ፣ የኅትመት ወጪ እንዴት እንደሚካፈል፣ ሒሳብ በየስንት ጊዜው እንደሚተያይ፣ መተው የፈለገ ስንት ቀን አስቀድሞ እንደሚያሳውቅ ይጻፍ። ብዙዎች የሚዘሉት፣ ትብብሮችንም ከገንዘብ በላይ የሚያፈርሰው ግን የቅሬታ ጉዳይ ነው።

በቅርበት ብንመለከተው እንዲህ ነው። ዲኮር ሠሪና ድንኳን አከራይ በአንድ ጥቅል ዋጋ ይስማማሉ፤ ቤተሰቡ የሚያውቀው ገንዘብ የተቀበለውን ዲኮር ሠሪ ብቻ ነው። ለሰርጉ ዋዜማ ሌሊት ዝናብ ይጥልና ድንኳኑ ያፈሳል፤ አበባውና ጨርቁ ይበላሻል። የሙሽራዋ አጎት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት የሚደውለው ለዲኮር ሠሪው ነው። ዲኮር ሠሪው «ድንኳኑ የእኔ አይደለም» ካለ ደንበኛውን አጣ፤ ሌላ ድንኳን በራሱ ገንዘብ ካመጣ ሸሪኩ ይከፍለው እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ይህን በሌሊት ከመከራከር አስቀድሞ «ስልክ የተደወለለት መፍትሔ ይሰጣል፤ ወጪውን ጥፋቱ የማን ዕቃ እንደሆነ ታይቶ ባለ ዕቃው በሦስት ቀን ውስጥ ይተካል» ብሎ መጻፍ ይቻላል። በሌላ መንገድም መወሰን ይቻላል፤ ሳይወሰን መቅረት ግን የለበትም።

ትብብሩ ደንበኛ እያመጣ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በመቁጠር ነው፤ ለዚህም ኮምፒውተር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ ሸሪክ የተለየ ቀለም ያለው ካርድ ያሳትሙ ወይም በጀርባው የተለየ ማኅተም ይምቱ፤ የመጣውን ካርድ በአንድ ሳጥን ይሰብስቡ። ካርድ ሳይዝ ለሚመጣውም «ማን ነገረዎት?» ብሎ ጠይቆ በደብተር ላይ መመዝገብ ለሠራተኛው ከሚሰጡት ትእዛዝ መካከል ይሁን። በቴሌብር ወይም በባንክ የሚገባው ክፍያ ገንዘቡን እንጂ ደንበኛውን የላከውን ሰው አያሳይም። በየሁለት ሳምንቱ ሁለቱ ሸሪኮች ካርዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ቆጥረው ይተያዩ፤ በስልክ የሚነገር ቁጥር ሐሜት ይወልዳል።

ሲያወዳድሩ ወቅቱን አይርሱ። በጅማ አካባቢ የቡና ለቀማ ከጥቅምት ጀምሮ ሲደርስ በከተማው የሚዘዋወረው ገንዘብ ይጨምራል፤ በክረምት ይቀዘቅዛል። በጥር የክርስቲያኑ ሰርግ ይበዛል፣ በዐቢይ ጾምና በረመዳን ሰርግ ይቀንሳል፣ ከዒድ አል ፈጥር በኋላ ደግሞ ሙስሊሙ ይደግሳል። በኅዳር የተጀመረ ትብብርን ገቢ ከነሐሴ ገቢ ጋር አስተያይቶ «ትብብሩ ሠራልን» ማለት ለቡናው የሚገባውን ምስጋና ለካርዱ መስጠት ነው። ከተቻለ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያወዳድሩ።

የደንበኞቻችንን ስልክ ቁጥር ብንለዋወጥ ችግር አለው?

አዎ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ የሰውን ስም፣ ስልክና የመሳሰለውን መረጃ መሰብሰብና ለሌላ ማስተላለፍ በሕግ የተገዛ ጉዳይ ሆኗል። ሕጉ ባይኖርም እንኳ ለልብስ ልኬት የሰጠችውን ቁጥር ይዞ የማታውቀው ኬክ ቤት ሲደውልላት ደስ የሚላት ደንበኛ አትገኝም። ዝርዝሩን ከመስጠት ይልቅ መልእክቱን ራስዎ ይላኩ፤ የሸሪክዎን ማስታወቂያ በራስዎ የቴሌግራም ቻናል ላይ ይለጥፉ፣ የፈለገ ራሱ ይደውል። ደንበኛው በግልጽ ከፈቀደ ብቻ ቁጥሩ ይተላለፍ።

ማስታወቂያውን ስናዘጋጅ ምን እንጠንቀቅ?

በጅማ የሚለጠፍ ማስታወቂያ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ቢዘጋጅ ይመረጣል፤ የአፋን ኦሮሞው ጽሑፍ ቋንቋውን በሚገባ በሚያውቅ ሰው ይታይ። ባነር ወይም ቢልቦርድ ከመሰቀሉ በፊት የከተማ አስተዳደሩን ፈቃድ ይጠይቁ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ስለሚከለክል «እስከ 50 በመቶ ቅናሽ» ተብሎ አንድ ዕቃ ላይ ብቻ ቅናሽ ማድረግ አደጋ አለው፤ ማስታወቂያው የጋራ ሲሆን አንዱ ያጋነነው ሌላውንም ይዞ ይሄዳል።

ዕጣ ማውጣትም ብዙዎች ሳያስቡት የሚገቡበት ነው። «ከሁለታችን ሱቅ የገዛ ሁሉ ዕጣ ውስጥ ይገባል፣ ስልክ ይሸለማል» የሚለው ሐሳብ ማራኪ ቢሆንም ዕጣ በሎተሪ ሕግ ሥር የሚወድቅ ስለሆነ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል ፈቃድ ይፈልጋል። ለገዛ ሁሉ የሚሰጥ ትንሽ ስጦታ ይህ ጣጣ የለበትም።

በጋራ ስምና ምልክት ብንሸጥስ?

ለምሳሌ ቡናና ማር በአንድ ሳጥን አሽጎ በአዲስ ስም መሸጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ስሙ የማን እንደሆነ ከመታተሙ በፊት ይወሰን። የንግድ ምልክት በአዋጅ ቁጥር 501/1998 መሠረት ሲመዘገብ ለሰባት ዓመት የሚጸና ሲሆን ይታደሳል፤ መብቱ የሚገኘውም በምዝገባ ነው። በሁለት ሰው ድካም የታወቀ ስም አንዱ ብቻውን ሄዶ በስሙ ቢያስመዘግበው ሌላውን ለረዥም ክርክር ይዳርገዋል። ምግብ ነክ ዕቃ ከሆነ በሳጥኑ ላይ የእያንዳንዱ አዘጋጅ ማንነትና የታሸገበት ቀን ለየብቻ ይጻፍ።

ለጥቅል ሽያጭ ደረሰኝ ማን ይቆርጣል?

እያንዳንዱ ለሸጠው። ደንበኛው ጠቅላላውን ለአንዳችሁ ቢከፍልም የሌላውን ድርሻ በራስዎ ደረሰኝ ውስጥ ካስገቡ ያላገኙት ገቢ በስምዎ ይመዘገባል። አንዱ የተጨማሪ እሴት ታክስ ተመዝጋቢ ሆኖ ሌላው ካልሆነ፣ 15 በመቶው በማን ዋጋ ላይ እንደሚደመር ለደንበኛው አስቀድሞ ይነገር፤ ያለዚያ የመጨረሻው ክፍያ ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ዝርዝሩን ለሒሳብ ሠራተኛዎ ወይም ለገቢዎች ጽሕፈት ቤት ያቅርቡ።

ትብብሩ ሲያበቃ ምን ይደረጋል?

ብዙ ጊዜ ትብብር የሚያበቃው በጠብ ሳይሆን በመቀዝቀዝ ነው፤ ካርድ ማለቁን ማንም ሳይናገር ይቀራል። ያም ቢሆን የሚዘጋ ሒሳብ አለ። በሰው እጅ ያሉ ካርዶች እስከ መቼ እንደሚያገለግሉ በሁለቱም ሱቅ ይለጠፍ፤ ቀነ ገደቡ ከመጀመሪያው ካርዱ ላይ ቢታተም ደግሞ ይህም አያስፈልግም። የጋራ ባነሩ ይውረድ፣ የቴሌግራም ልጥፉ ይሰረዝ፣ ያልተከፈለ የኅትመት ወጪ ይተያይ። ቅድሚያ የተከፈለባቸውና ገና ያልደረሱ ትእዛዞች፣ ለምሳሌ ከሁለት ወር በኋላ ያለ ሰርግ፣ በስምምነቱ ዋጋ ይፈጸሙ፤ ደንበኛው የተዋዋለው ሁለታችሁ ስትስማሙ በነበረው ዋጋ ስለሆነ ልዩነቱን እሱ ሊሸከም አይገባም።